ሴት ለማይገባበት ደሴት የሠራሁት ድምፅ ማጉያ

ሱቄን የዘጋሁት ባለፈው ክረምት ነው። ቤቱን የተከራየው ሰውዬ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ነጋዴ ነው። ጠባዩ መልካም ነው። ዕቃዬን ሳወጣ ሊያግዘኝ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር በአንድ እጁ ሊያነሣ ሞከረና ወገቡን ይዞ ቀረ።

"እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልዎ ነበር?" አለኝ።

"አንድ ዳስ ሙሉ ሠርገኛ ያስጨፍርልኝ ነበር" አልሁት። አላመነኝም። እሱ የሚሸጣት ማጫወቻ ሎሚ የምታክል ናት፤ ታዲያ ለምን ይመነኝ?

አልፈርድበትም። ዛሬ ድምፅ ማጉያ ይገዛል እንጂ አይሠራም። ሲበላሽም ይጣላል እንጂ አይጠገንም። እኔ ጡረታ የወጣሁት ጉልበቴ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ቀድሞኝ ጡረታ ስለወጣ ነው። አሁን ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ሰባታሚት ባለችኝ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎረቤት የሚከፍተውን ዘፈን እየሰማሁ "ወፍራሙ ድምፅ በዛ፣ ቀጭኑ ተቆረጠ" እያልሁ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ልጆቼም "እማዬን ደግሞ ጀመራት" ይላሉ። እንግዲህ ከጀመረኝ አይቀር ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የገባሁት እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚበጠስ ክር መቀጠል ነበር ሥራዬ። ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል፤ ብናኙ ፀጉር ያሸብታል። ከሁሉ ግን እጄን ወደድሁት፤ ሳላየው የክሩን ውል ያገኝ ነበር። አንድ ቀን የተቃጠለ ሞተር ሊያወርዱ የመጡት የሞተር ጥቅለላ ክፍሉ ጋሽ ጥሩነህ መፍቻቸውን ይዘው እጄን ሲያዩ ቆዩና አለቃዬን "ይችን ልጅ ስጠኝ" አሉት።

አለቃዬ ሣቀ። "ሴት ልጅ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አላት?"

"መዳብ ሽቦም ክር ነው። ልዩነቱ መናከሱ ነው" አሉት።

እንዲህ ሆኜ ከክር ወደ ሽቦ ተዛወርሁ። ደመወዜ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ የዝውውር ደብዳቤዬም ከእኔ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው የደረሰው። ሥራውን ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ወደድሁት።

ጋሽ ጥሩነህ የዱርቤቴ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡና ንጹሕ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከወዳደቀ ዕቃ ድምፅ ማጉያ መሥራት ልማዳቸው ነበር፤ ፋብሪካው የጣለውን በፈቃድ ያወጡና ለደብር፣ ለዕድር፣ ለሠርግ ቤት ይሠራሉ። እኔንም ወደዚያው ሳቡኝ። ሌላው ሁሉ ስለ ትራንዚስተር ሲያወራ እሳቸው "የማጉያ ልቡ ኃይል ሰጪው ነው" ባይ ናቸው። ከግድግዳ የሚመጣ መብራት እንዳለ ለማጉያ አይሰጥም። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዳዮዶቹ መመላለሱን አስትተው በአንድ አቅጣጫ ይነዱታል፤ ከዚያ ጣሳ ጣሳ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች ያረጋጉታል። እነሱ ካነሱ ማንም ሳይናገርበት ማጉያው እምምም እያለ ይውላል።

ትራንስፎርመሩን የምጠቀልለው እኔ ነበርሁ። ሽቦው ጎን ለጎን ይተኛል እንጂ አይደራረብም። ከተሻገረ ይፋተጋል፤ ከተፋተገ ይላጣል፤ የተላጠ ሽቦ ደግሞ ጎረቤቱን ነክቶ አብሮ ይቃጠላል። በየድርቡ ወረቀት ይገባል፤ በመጨረሻ ቫርኒሽ ጠጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቸኩዬ ሁለት ድርብ ያበላሸሁ ዕለት ጋሽ ጥሩነህ አልተቆጡኝም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ሽቦውን እስከ ሥሩ ፈቱትና መልሰው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልማዶቻቸው እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጡም። አዲስ የተሠራ ማጉያ በቀጥታ ከመብራት ጋር አያገናኙም፤ በመካከል አንድ ተራ አምፖል ያስገባሉ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከፈዘዘ ሥራው ደኅና ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ የተነካካ ነገር አለ። ከማብራታቸው በፊት ያማትባሉ፤ ካበሩ በኋላ ያሸታሉ። ሽቦ ሳይቃጠል በፊት ሽታው ይቀድማል ይላሉ፤ እውነትም ነው። ደግሞ መብራት ባለበት ዕቃ ውስጥ የሚሠሩት በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ ግራው ኪሳቸው ውስጥ ነው። "ሁለቱን ካስገባሽ በአንዱ ገብቶ በልብሽ አልፎ በሌላው ይወጣል።" የእኔ ቀሚስ ኪስ የለውም ብላቸው በማግስቱ ባለቤታቸው የሰፉልኝን ባለኪስ ሽርጥ ይዘውልኝ መጡ።

መጀመሪያ ለሰው ያስረከብነው ማጉያ ወደ ዱርቤቴ ነው የሄደው፤ ለዘመዳቸው ሠርግ። ካፓሲተር አጥሮን ስለነበር እምምታው አልጠፋ አለ። ጋሽ ጥሩነህ በአገራቸው ሰው ፊት ሊዋረዱ ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። አዝማሪው ግን ማሲንቆውን ይዞ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለ፤ አዳመጠ፤ በእምምታው ልክ ጭራውን ወጠረና "እናንተ ሰዎች፣ ተቃኝቶ የመጣ መኪና ዛሬ ገና አየሁ!" አለ። ዳሱ በሣቅ ተናጋ። ጋሽ ጥሩነህ ከዚያ ወዲህ በሠሩት ማጉያ ሁሉ ካፓሲተሩን እጥፍ አደረጉት።

በኋላ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔም ፋብሪካውን ተውሁና ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፈትን። ዕውቀቱ የእሳቸው፣ እጁ የእኔ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የመጣው በዚያ ሱቅ በር ነው።

አንድ ቀን የጣና ደሴት ገዳም መጋቢ መጡ፤ የገዳሙን ሥራና ቀለብ የሚያስተዳድሩ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ያ ደሴት ሴት አይገባበትም። ለዓመቱ በዓል የሚሄዱ ሴቶች ከጀልባ ወርደው ከወደቡ ዳር ካሉት ዛፎች አያልፉም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ነው።

"ሴቶቹ ስንት ሰዓት በውሃ መጥተው፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ይመለሳሉ" አሉ መጋቢው። "አበምኔቱ አዝነዋል። ድምጡ ከላይ ተነሥቶ ወደቡ ድረስ እንዲወርድ አድርጉልን።"

ጋሽ ጥሩነህ ወደ እኔ ዞሩ። የሚያውቁትን ያውቃሉ። የእናቴ ታናሽ ወንድም እዚያ ደሴት ላይ ነው።

እናቴ አንጓች የደቅ ደሴት ልጅ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ወንድሟን ፈንቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ እግር ሆኖ መነነ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ተባሉ። የመነኮሰ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዘመዶቹ ሞቷል ማለት ነው። እሳቸውም ይህን ቃላቸውን አጥብቀው ያዙ፤ እናቴ ወደቡ ድረስ ስትሄድ አንድም ቀን ወርደው አላዩዋትም። ቂም አልያዘችባቸውም። "መንገዱ ነው" ትላለች። ግን በየዓመቱ ትሄዳለች። የበዓሉን ድርሳን የሚያነቡት እሳቸው መሆናቸውን ሰምታለች፤ ከሚያነቡት ግን አንዲት ፊደል ወደቡ አይደርስም።

ነገሩን ስነግራት "ድምጡን ልሰማ ነው?" አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ አንጀቴን በላችው። እናቴ እርጅናው ተጭኗት ነበር፤ ጀልባ ላይ የምትወጣው በሁለት ሰው ድጋፍ ነው። ለከርሞ ትደርሳለች የምትባል ሰው አይደለችም።

እንደዚያ ተጠንቅቄ የጠቀለልሁት ትራንስፎርመር የለም። ጋሽ ጥሩነህ ድምፁን የሚያጎሉትን ትራንዚስተሮች ሰፊ የአሉሚኒየም ክንፍ ላይ አሰሯቸው፤ የማጉያ ሙቀት የሚወጣው በዚያ ክንፍ ነው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ፈዘዘ። ሲሸተት ምንም የለም። ማጉያው ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ።

ችግሩ ተካዩ ነው። እኔ መግባት አልችልም። ጋሽ ጥሩነህ ደግሞ ውሃ ላይ መሄድ ሞት ይመስላቸዋል፤ "እኔን እግዜር የፈጠረኝ ለየብስ ነው" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ በየሽቦው ጫፍ ባለቀለም ክር አሰርሁና ለመጋቢው "ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ" እያልሁ አስጠናኋቸው። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። በበዓሉ ዋዜማ ማጉያውን በጀልባ አድርሼ ከወደቡ አስረከብኋቸው። ማጉያው ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ከገዳሙ ጄኔሬተር ጋር ተያያዘ፤ የስፒከሩ ሽቦ ከላይ ወደ ታች ተዘረጋ፤ ጥሩምባ ስፒከሩ ከዛፉ ላይ ተሰቀለ።

በማግስቱ ጧት የአበምኔቱ ቡራኬ ወረደ። ጥርት ያለ! ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣለች። ቅዳሴው ተሰማ፤ ትምህርቱ ተሰማ። የድርሳኑ ተራ ሲደርስ ግን ድምፁ መሻከር ጀመረ። "በስመ አብ" ሲባል ሰማሁ፤ ማን እንዳለው መለየት አይቻልም፤ አሸዋ የጎረሰ ሰው ይመስላል። መጋቢው እየሮጡ ወረዱ።

"አባ፣ ዕቃውን በእጅዎ ነክተው ይምጡልኝ፤ ግሏል?" አልኋቸው።

ወጡ፤ ተመለሱ። "ነካሁት። ለብ እንኳ አላለም።"

ካልጋለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ጄኔሬተሩን ዝቅ አድርጉት፣ ሽቦውን እዩት ስል ከዛፉ ላይ ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ዕቃዬ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብሎ ሞቷል፤ እኔ ደግሞ ከዛፉ ማለፍ አልችልም። እናቴ ግን "ግድ የለም ልጄ። ከርሞ" አለችኝ። ከርሞ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። በጀልባው ላይ እስከ ባሕር ዳር ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ አለቀስሁ።

ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ ስንከፍተው ትራንዚስተሮቹ ከስለዋል። ሙቀት ነው የገደላቸው፤ ዕቃው ግን አልጋለም ተብለናል። ለሰሚው ግራ የሆነ ነገር! ትራንስፎርመሩን ጠረጠርሁና እስከ ሥሩ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልሁት፤ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ጋሽ ጥሩነህ ጄኔሬተሩን ጠረጠሩ። ወራት አለፉ። አዲስ ትራንዚስተሮች ገጥመንለት ሱቁ ውስጥ ሲሠራ ደኅና ነው፤ ሱቁ ውስጥ ደኅና መሆኑ ነበር የሚያናድደኝ።

ክንፉን ላጸዳው ብዬ ይዤ ሳለ ከጫፉ ላይ ጣቴን አንድ ነገር ቧጨረኝ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠጣር እንክብል ናት፤ ከሥሯ አንዲት ሐምራዊ የክር ጭረት ወጥታለች። የክር ቤት ሰው አይደለሁ? ጥጥ ሲቃጠል አመድ ይሆናል። እንዲህ ቀልጦ የሚጠጥረው አብረቅራቂው ሰው ሠራሽ ክር ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጨርቅ ነበረ" አልሁ።

መጋቢው ለገበያ ሲመጡ ጠበቅኋቸው። "አባ፣ ማጉያውን ሸፍናችሁት ነበር እንዴ?"

"ታዲያሳ!" አሉ፣ ጥያቄዬ ገርሟቸው። "የእግዚአብሔርን ቃል የሚያሰማ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል? ካለን መጎናጸፊያ መርጠን ነው ያለበስነው።"

"ያን ዕለት ሲነኩትስ?"

"መጎናጸፊያውን ከላይ ዳሰስሁት። አልሞቀም አልሁሽ።"

ምን ይባላል? በእሳቸው ቤት የከበረ ነገር ሁሉ ይሸፈናል፤ መሸፈኑም ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ አልጠየቅሁም፤ እሳቸው አልነገሩኝም። ሲሄዱ ንዴቴ ገነፈለ። "ዘንድሮ ጨርቅ የሚባል እንዳታስጠጉት ብዬ አስምላቸዋለሁ" አልሁ።

ጋሽ ጥሩነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘንድሮ ብታስምያቸው ይገልጡታል። ከርሞ ሌላው መነኩሴ መጥቶ ያለብሰዋል። እነሱን ተያቸው። ዕቃው ልብስ ለብሶ መኖርን ይልመድ።"

ሥራችንን እንደገና ጀመርን። ጋሽ ጥሩነህ ክንፉን ከጎን አንሥተው በጀርባው በኩል በቁሙ አቆሙት። ማጉያው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት የእንጨት መቆሚያ ሠሩለት፤ ከላዩ ደግሞ እንደ አልጋ አጎበር ያለ ጣውላ ክፈፍ። መጎናጸፊያው በክፈፉ ላይ ሲጣል ፊቱንና ጎኑን ይሸፍናል፤ ጀርባው ግን አየር በሚያሳልፍ የጣውላ ርብራብ ስለታጠረ ጨርቅ አይደርስበትም፣ ከሥር የገባ አየር በዚያ ይወጣል። ክንፉንም በእጥፍ አሳደጉት። ከዚያ የአልጋዬን ብርድ ልብስ አምጥቼ አለበስነውና ሬዲዮ አስገብተን ቀኑን ሙሉ አስለፈለፍነው። ጋሽ ጥሩነህ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ በቀኛቸው ከብርድ ልብሱ ሥር እየገቡ ክንፉን ይነካሉ። ሲመሽ "በቃ፣ ይሄ መንኩሷል" አሉ። የሠሩት የመጨረሻ ዕቃቸው እሱ ነበር። በዚያው ዓመት አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እናቴ ደረሰች። ክረምቱን በሳልና በቁርጥማት አሳልፋ፣ ያ ቀን ሲመጣ ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ ተቀምጣ አገኘኋት። ነፋስ ነበረበት። እሷው የፈተለችውን ወፍራም ጋቢ ደርባ ከዚያው ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። መጋቢው "መጎናጸፊያውን አልብሰነዋል" አሉኝ፤ "ደግ አደረጋችሁ" አልኋቸው።

ቡራኬው ወረደ። ቅዳሴው፣ ትምህርቱ። እኔ ቃሉን አልሰማሁም፤ የምሰማው ይሻክር እንደሆነ ብቻ ነው። አልሻከረም። የድርሳኑ ተራ ደረሰ፤ "በስመ አብ" አሉ አባ ገብረ ሚካኤል፤ እንደ ጧቱ ጥርት ብሎ ወረደ። ወደ እናቴ ዞርሁ። ፊቷ ጠቁሯል።

"ይኼ እሱ አይደለም" አለች።

ወደ እሷ ጎንበስ አልሁ። "እማዬ፣ ድምፁ ተበላሸብሽ?"

"ድምጡማ ደኅና ነው። የአባቴ ነው እንጂ" አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ውይ፣ ፈንቴ! አርጅቶ ነው!"

በልቧ ይዛው የኖረችው ያን ልጅ እግር ነበር፤ እሷ ስታረጅ እሱ እዚያ ላይ እንደዚያው የቀረ ይመስላት ነበር። እንባዋ ወረደ፤ ደግሞ ትሥቃለች። ድርሳኑ ቀጠለ። መሐል ላይ አንድ አነስተኛ ሳል ተሰማ። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ሰማሽው? ደረቱን ብርድ መቶታል። ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።"

ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች። እጥፍ አደረገችና መጋቢውን ጠርታ ሰጠቻቸው። "አባቴ፣ ይኼን ለዚያ ለሚስለው መነኩሴ ያልብሱልኝ።"

"ማን ላከው ልበላቸው?"

"ምንም አይበሉ።"

መጋቢው ጋቢውን ይዘው ወጡ። ንባቡ ወረደ፣ ወረደ፤ ከዚያ በዓረፍተ ነገር መካከል ተቋረጠ። ሴቶቹ እንደ አምናው ወደ እኔ ዞሩ። ብድግ ብዬ እስከ ዛፉ ሄድሁ፤ ቆምሁ። ያኔ አንድ ጨርቅ ማይክራፎኑን ሲነካ ኮሽ አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንባቡ ካቆመበት ቀጠለ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

ጋቢው ከማን እንደመጣ አውቀው እንደሆነ፣ ወይስ ገጽ ሲገልጡ ቆይተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። እናቴ በስስ ነጠላዋ ከነፋሱ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

"ደረሰው" አለች።